«ና» ያለችው ልጅ

ዕፀገነት ከደብረ ብርሃን መቱ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ የሥልጠና ወረቀት ነበራት፤ ኦሮምኛ ግን አንዲት ቃል አታውቅም። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሚማሩበት አንድ ትንሽ ማዕከል ተቀጠረች። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ለእሷ ነበር።

የመጀመሪያ ተማሪዋ ዱንያ በመቱ አቅራቢያ ባለችው በሁሩሙ ከተማ ሱቅ ያላቸው የእትዬ ጠይባ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አፏን አልፈታችም። ደስ ሲላትም ሲከፋትም እጆቿን ታርገበግባለች። ዕፀገነት «እጅ ጉልበት ላይ!» ትልና ሁለቱንም ይዛ ትጫናቸዋለች። ወረቀቱ እንደዚያ ይላላ!

አንድ ቀን እጇን እንደያዘቻት ልጅቱ «ና ዲሲ» አለች።

ዕፀገነት በደስታ ጮኸች። ዱንያ ጠራቻት! እንደ ወንድ «ና» መባሏ አሳቃት እንጂ ቅር አላላትም፤ «ዲሲ»ን ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው ብላ አለፈችው። ይበልጥ ተጠጋቻት፤ ብስኩት ሰጠቻት፤ እጇን ግን አልለቀቀችም። ልጅቱ ሦስት ሳምንት «ና ዲሲ» እያለች አለቀሰች። ከዚያ ዝም አለች፣ እጇም አረፈ። ዕፀገነት ማህደሩ ላይ «ትልቅ ለውጥ» ብላ ጻፈች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዱንያ ከማዕከሉ ከወጣች በኋላ ነው የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ኡርጌ የነገሯት። «ቲቸር፣ ‹ና ዲሲ› እኮ በኦሮምኛ ‹ተይኝ› ነው፤ ልጅቷ እንደዚያ ነበር የምትልሽ። እኔማ የምታውቂ መስሎኝ።»

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ዛሬ ዕፀገነት አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ እናቱን «ተዉኝ ሲል ምን ብሎ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ልጁ ራሱ እስኪጠጋት ቀናት ትጠብቃለች። ያቺን ቃል ከሰማች ትምህርቱን እዚያው ታቆማለች። ሌሎቹ መምህራን «አበዛሽው» ይሏታል። እነሱ ምን ያውቃሉ? የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪ ሊጠራ «ና! ና!» ባለ ቁጥር የያዘችውን ሁሉ የምትለቀው እሷ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ጨክና ሁሩሙ ሄደች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ዱንያን ይቅርታ መጠየቅ፣ ቢቻል ድምፅዋን እንደገና መስማት።

ዱንያ ሱቁ በር ላይ ቆማ ፀሐይዋን እያየች እጆቿን ታርገበግባለች። አድጋለች፤ ቆንጆ ሆናለች። ዞር ስትል ዕፀገነትን አየቻት። እጆቿ ቀጥ አሉ። ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ሁለቱንም ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው።

እትዬ ጠይባ ከባንኮኒው ጀርባ በኩራት ፈገግ አሉ።

«አየሽ ቲቸር? ቃል ከአፏ ከወጣ ዘመኑን አላውቀውም፤ ያስተማርሻትን ግን አልረሳችም።»