ለእንግዳ የቀዳሁት ውሃ

የታሪኬን ግማሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተናግሬ ተጨብጭቦልኛል። ሌላውን ግማሽ ግን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ መጀመሪያ የሚሰሙት እርስዎ ነዎት፣ አንባቢዬ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሰፈራችን በላይ ያለው የቆዳ ፋብሪካ ወንዛችንን መበከል አለመበከሉን ሊያጠና አንድ ወጣት ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ መጣ። ወደ ወንዙ የሚወስደው ቁልቁለት ያዳልጣል፤ እሱ የከተማ ጫማ አድርጓል። ጠርሙሱን ሰጠኝና «የፋብሪካው ፍሳሽ ከሚወጣበት ቱቦ ሥር ቅጂልኝ፣ ረዳቴ» አለኝ። ወርጄ ቀዳሁ። ገማኝ። ለእንግዳ እንዲህ ያለ ውሃ ይሰጣል? እናቴ ብታየኝስ ምን ትለኛለች? ደፋሁት። ጠርሙሱን አለቅልቄ ከዓለቱ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ሞላሁለት። በማግስቱ መምህራችን «እንግዳውን ረዳች» ብሎ ሰልፍ ላይ አስጨበጨበልኝ።

ውጤቱ ሲመጣ «ውሃው ንጹሕ ነው» ተባለ። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? ያ ጭብጨባ እንዳይወሰድብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዘንድሮ ፋብሪካው ሊስፋፋ ሲል ሕዝቡ ሐሳብ እንዲሰጥ ስብሰባ ተጠራ። ያው ባለሙያ ተነስቶ የድሮውን ውጤት አነበበ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ብድግ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ስንት አጎረሱህ? ንጹሕ ከሆነ እስቲ አንድ ኩባያ ጠጣልን።» ሰው ሁሉ ሳቀበት። እሱ ወረቀቱን እንደያዘ ላብ አጠመቀው። ጉቦ በልቶ አያውቅም፤ የበላሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ጭብጨባ። ተነሳሁ።

«ውሃው የምንጩ ነው። የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ የወንዙ ገማኝና ደፋሁት።»

 ከዚያ ሽማግሌው «ለእንግዳ አፍራ እኮ ነው፣ የጨዋ ልጅ» ብለው ሳቁ፤ አዳራሹ አብሮ ሳቀ፣ አጨበጨበልኝም። ሕዝቡ ተያይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ባለሙያው ጫማውን አውልቆ «አንቺ ደግሞ ጠርሙስ እንዳትነኪ» አለኝና ራሱ ቀዳ። በአዲሱ ውጤት ማስፋፊያው ተከለከለ፤ ፋብሪካውም ፍሳሹን የሚያጣራበት ገንዳ እንዲሠራ ታዘዘ። ሠራም። ዛሬ ልብስ ሳጥብ ከሥር ያለው ጠጠር ይታየኛል። ደስታዬን አልደብቅም፣ ይህን ያመጣው የእኔ አፍ ነው።

አሁን ሌላው ግማሽ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ያረገዘች ላማቸውን ከወንዙ ከልክለው፣ ከምንጩ በጀሪካን እየተሸከሙ ነበር የሚያጠጧት። የመጀመሪያው ውጤት ሲነገር «ተመስገን፣ ወገቤ አረፈ» ብለው ላሟን ወደ ወንዙ ነዷት። በደጃችን ሲያልፉ አይቻለሁ። ውሃው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ዝም አልኩ። ጥጃው ቀኑ ሳይደርስ ሞቶ ወጣ። እኔ፣ አይቼ፣ ዝም አልኩ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ልጅ አፍ አለው።

እትዬ የሺ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር «ወንዛችንን ያዳንሽ፣ እደጊልኝ» ይሉኛል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቢመርቁኝ እቀበላለሁ። ባይመርቁኝም ላማቸው ከወንዙ ትጠጣለች።