መኪናዋ ከጠገበች በኋላ

ኡስተር ከተማ ቤት ያከራየኝ ሰውዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደጅ አውጥቶ ጣሪያውን ያሳያል። ጣሪያው ዳር እስከ ዳር የሶላር ፓነል ነው። "እኛ የምንኖረው ከፀሐይ ነው" ይላል፤ ሲያወራ ላየው ፀሐይን ወልዶ ያሳደጋት ይመስላል። እኔ የምኖረው ከሥሩ፣ ምድር ቤት ነበር።

የቤቱ ሕግ ግልጽ ነው። ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ የምትጠጣት የኤሌክትሪክ መኪናው ናት። ቀጥሎ የእነሱ ልብስ ይታጠባል። ከዚያ የተረፈ ካለ ስልኩን ነካ አድርጎ ለእኔ ማጠቢያና ማድረቂያ መብራት ይለቅልኛል። የሚስቱ ሳውና ግን በጭጋግም ይሞቃል። ያ መብራት ከየት እንደሚመጣ ብጠይቀው "እሱ ሌላ ነገር ነው" አለኝ። ጉራ ብቻ!

በየካቲት ጭጋግ ወለድኩ። ታላቅ እህቴ ልታርሰኝ ከጄኔቫ መጣች። ገንፎ አገነፋች፣ ገላዬን አጠበችኝ፤ ያቃታት የልጄ ልብስ ነበር። በእጇ ብታጥበውም ምድር ቤቱ እርጥብ ነውና አይደርቅም። ሰውዬውን ብንለምነው ሰማዩን አይቶ ትከሻውን ሰበቀ። ምድርን ከጥፋት ያድናል አሉ፤ ከሥሩ ያለችውን አራስ ግን አላያትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጭጋጉ ተገለጠ። ልጄ የለበሰው የመጨረሻውን ደረቅ ልብስ ነበር። ወጥቼ ማሽኑን እንዲከፍትልን ጠየቅሁት፤ መኪናዋ እስክትሞላ ጠብቁ አለ። እህቴ ይህን ስነግራት ወጣችና የመኪናዋን መሙያ ገመድ ነቀለችው። ሰውዬው እየሮጠ መጣ።

እህቴ ጴንጤ ናት፤ ጥቅስ አታጣም። "ጌታ ለክፉም ለደጉም የሚያወጣትን ፀሐይ ለመኪናህ ብቻ ነው እንዴ ያወጣልህ? በይው" አለችኝ። አንድም ቃል ሳላለሳልስ በጀርመንኛ ነገርኩት።

እሱ ገመዱን አንስቶ ተጎድቶ እንደሆነ አገላብጦ አየው። ልጄን ታቅፌ ፊቱ ቆሜያለሁ፤ ወደ ሕፃኑ ቀና እንኳን አላለም። ገመዱን መልሶ ሰካው። እስከዚያ ቀን እፈራው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ናቅሁት።

እርጥቡን ልብስ በፌስታል ቋጥረን በዚያው ቀን በባቡር ጄኔቫ ገባን። በማግስቱ እህቴ ለዛቫንሼ በሚባል ሰፈር ካለው ቤቷ በረንዳ ላይ አሰጣችው። እሷ ያለችበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ አንድም ፓነል የለም። ከሰዓት በኋላ ልጄን ፀሐይ ያሞቀው ልብስ አለበስኩት።