ከማንጎው ሥር የበቀለው ኩይሳ

ሚስቴ የሆድ በሽታዋ ሲጠናባት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብረን እንድንቆርብ። አሶሳ ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። አገላብጠው አዩና ቤቷ ወስደህ አሳርፋት አሉኝ። እሷም ገባት፤ ምን አሉ ብላ አልጠየቀችኝም። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንግዲህ ንስሐ እንግባና እንቁረብ አለችኝ። "እናያለን" አልኳት።

እናያለን ማለት በእኔ አፍ እምቢ ማለት እንደሆነ ስንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት አይጠፋትም። ባልና ሚስት ንስሐ ገብተው አብረው ነው የሚቆርቡት። አንቺ ብቻሽን ሂጂ ብላት፣ ያላንተ አልቀርብም አለች። ስለዚህ የእኔ እምቢታ የእሷንም ደጅ ዘጋው። ይህን እያወቅኩ ሁለት ወር አቆየኋት። ምን ኃጢአት አለብኝ፣ ሰው አልገደልኩ፣ አልሰረቅኩ እላታለሁ። እሷ ደግሞ "ትዕቢትህ ብቻውን አንድ ጋሪ ይሞላል፣ አንተ ሰውዬ" ትለኝና ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

እውነት ነው፣ ሰው አልገደልኩም። የገደልኩት ዛፍ ነው።

እኛ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተጭነን መጥተን እዚህ አሶሳ ዙሪያ የሰፈርን ነን። ከእኔ ጋር አጥር የሚጋራው ሰው የአገሩ ተወላጅ ነው፤ የበርታ ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው። የመጣን ሰሞን ወባ ስትጥለን ውኃ ያመላለሰልን፣ የትኛው መሬት ምን እንደሚያበቅል ያሳየኝ እሱ ነው። "አኹይ" ነበር የሚለኝ። ከዐረብኛ የወሰዱት ቃል ነው፤ ወንድሜ ማለት ነው። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

በግቢው ዳር፣ ከእኔ ማሳ ጋር በሚዋሰንበት በኩል፣ እናቱ የተከለችው ትልቅ ማንጎ ነበረው። ከጥላው ሥር በቆሎ አይበቅልልኝም። ፍሬው ሲደርስ ደግሞ ጦጣው ይመጣና ማንጎውን ከጠገበ በኋላ ወደ እኔ ወርዶ የዘራሁትን በቆሎ ከአፈር እየጫረ ይለቅማል። ቅርንጫፉን ቁረጥልኝ አልኩት። ሰው በተሰበሰበበት ሳቀብኝ።

"ጦጣ እንግዳ ነው። አንተም እንግዳ መጣህ፣ እኛ አባረርን?" አለኝ።

የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቀልድ ነው ያለው፤ አሁን ሳስበው ቀልድ ነው። ያን ጊዜ ግን ከጦጣ የደመረኝ መሰለኝ። እልህ ያዘኝ።

በዚያው ዓመት ቤተሰቡን ይዞ ለዘመድ ሰርግ የሱዳን ድንበር ላይ ወዳለው ኩርሙክ ሄደ። መንገዱ ክፉ ስለሆነ ሳምንት ቆዩ። ግቢውን አደራ ብሎ የሰጠው ለእኔ ነው። እኔም በጠራራ ፀሐይ ዶማና መጥረቢያ ይዤ ገባሁ። የግንዱን ዙሪያ ክንድ ያህል ቆፈርኩና፣ ከመሬት በታች ያለውን ቅርፊት ስንዝር በሚያህል ስፋት ዞሬ ላጥኩት። ከዚያ አፈሩን መለስኩ፣ ረገጥኩት፣ ደረቅ ቅጠል በተንኩበት። ከላይ ለሚያይ ምንም ነገር የለም። እንዲህ የተላጠ ዛፍ ወዲያው አይሞትም።

በዓመቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ቁስሉን ምስጥ አገኘው። ጎረቤቴ ምስጥ ገባብኝ፣ እርዳኝ ብሎ መጣ። ምስጥ አመድ አይወድም ይባላልና አመድ በጆንያ ተሸክሜ ሄድኩለት። ሥሩ ላይ አብረን አፈሰስን፤ እሱ እያዘነ፣ እኔ ያዘንኩ መስዬ። ዛፉ ደረቀ። ቆረጠው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። እሱ ግን ምስጥ ደህና ማንጎ አይደፍርም፣ መጀመሪያ ዓይን ቢያገኘው ነው አለ። ታናሽ ወንድሙ በዚያ ሰሞን በዛፉ ሥር ሲያልፍ የአላህን ስም ሳይጠራ አድንቆት ነበርና በእሱ አሳበበ። ተጣሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ጎረቤት ነህ ተብዬ እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። የምታውቀው ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዛፍ ይደርቃል፣ እኔ ምን አውቃለሁ አልኩ። ወንድምየው ተቀይሞ ቤቱን ነቅሎ ኩርሙክ ገባ፤ ከዓመታት በኋላ እዚያው ታሞ ሞተ። ጎረቤቴ ለቀብሩ አልሄደም።

በጉቶው ላይ ኩይሳ በቀለ። ምስጡ አፈሩን እየከመረ፣ እየከመረ፣ ቁመቱ እኔን አከለ። ከቤቴ ስወጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሚስቴ መቀመጥ ተሳናት። አንድ ጠዋት ሁለት ነጠላ ታጥቦ፣ ታጥፎ ከራስጌዋ ተቀምጦ አየሁ። የእኔ ከላይ ነበር። የጎረቤት ሴት ለምና ነው ያሳጠበችው። ዱላዬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

የንስሐ አባታችን ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም። ይህም ያናድደኝ ነበር። ከግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና የፈታሁትን ጾም፣ የሰደብኩትን ሰው ነገርኩት። ሌላስ አለኝ። ሌላ የለም አልኩ። መቋሚያውን ተደግፎ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ሲሄድ፣ እኔ ዛሬ ሥራ የለኝም አባት፣ እስኪመሽም እቀመጣለሁ አለኝ። ያን ጊዜ ማንጎውን ነገርኩት፣ አደራውን፣ አመዱን፣ ሽምግልናውን።

"ሰውዬው ያውቃል?" አለኝ።

"አያውቅም።"

"እንግዲያው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነዎት። ሄደው ይንገሩት።"

ጾምና ስግደት ደግሞ ጨመረበት። ስግደቱን እጥፍ ያድርጉብኝና ይኼኛውን ይተዉልኝ አልኩት። ገበያ አይደለም አባት፣ አለኝ።

የእነሱም ጾም ነበር፤ ረመዳን ከእኛው ጾም ጋር ገጥሞ ነው የገባው። ጎረቤቴ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ቁጭ በል አለኝ፤ ቆሜ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ይነሣብኛል ብዬ ነበር፤ አልተነሣም።

"ወንድሜ ሲሄድ፣ አንተ እዚያ ሽማግሌ ተቀምጠሃል?"

"ተቀምጫለሁ።"

ከዚያ "ዛፍ እሺ፣ ዛፍ ይተከላል። ወንድሜ ከየት አመጣለሁ?" አለኝ። በእጁ ኩይሳውን አሳየኝ። "ያ አንተ አበቀልክ። አንተ አውጣ። ንግሥቱን አምጣ፣ እዚህ አድርግ" ብሎ መዳፉን ዘረጋ። አኹይ አላለኝም።

ኩይሳ ከላይ ቢንዱት ከርሞ ይመለሳል። ከታች ያለችው፣ እንቁላል የምትጥለዋ ንግሥት ካልወጣች ድካም ብቻ ነው። የዚያ ወር መሬት ደግሞ ዶማ ይመልሳል።

ዶማዬን ሳነሣ ሚስቴ ወዴት ነው አለችኝ። ነገርኳት። ዓይኗን ከእኔ ሳታነሣ፣ "አመዱን ከምድጃዬ የዛቅኩልህ እኔ ነኝ" አለች።

ቆፈርኩ። እኔም ጿሚ፣ እሱም ጿሚ፤ ውኃ ልስጥህ የሚባባል የለም። እሱ ከጥላው ያየኛል፣ እኔ እቆፍራለሁ። ልጆቼ መጥተው ተወው፣ እኛ በሁለት ቀን እንጨርሰዋለን አሉኝ። አባረርኳቸው። እኔ ያበላሸሁትን እኔ አወጣለሁ አልኩ። ይህን ስል የንስሐ መንገድ መስሎኝ ነበር። ያው የድሮው እልህ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ። የሁለት ቀኑን ሥራ ስምንት ቀን አደረግኩት።

በስምንተኛው ቀን ከበሰበሰው ሥር አጠገብ፣ እንደ ጭቃ ዳቦ ካለ ነገር ውስጥ አገኘኋት። አውራ ጣት የምታህል፣ ነጭ፣ ከሆዷ በቀር ምንም የሌላት። መዳፉ ላይ አደረግኩለት። አያት፣ ለዶሮዎቹ ጣላት።

"ጨርሰሃል። ሂድ።"

ይቅር ብለኸኛል ወይ አልኩት። አላህ ያውቃል አለኝ።

ካህኑ ዘንድ ሄድኩ። ፈታኝ፤ ለእሁድ ተዘጋጁ አለ። እየተቻኮልኩ ቤት ስገባ ሴቶች ከበዋታል። ጠዋት ከወጣሁ ጀምሮ ውኃም አይረጋላትም፣ የቀመሰችውን ሁሉ ትመልሳለች። እኔ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ አልሰማሁም። ካህኑ መጣ፣ አየ፣ ቁጭ አለ። የሚያስመልሰው ሰው አይቆርብም፤ ሥጋ ወደሙ መሬት ይወድቃል። ይህን እሷም ታውቀዋለች። ንስሐዋን ተቀበላት፣ ጸለየላት፣ ጠበል ረጫት፣ ሄደ። በር ላይ ስሸኘው፣ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ አለኝና ቀሪውን ዋጠው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላለቀሰችም።

"እሁድ ቁረብ" አለችኝ።

"ያላንቺ አልቆርብም።"

"ደግሞ እልህ? እዚህ ያደረሰን እሱ አይደለም?"

"እሺ" አልኳት። እሺ ስላት ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ እሷም ያስገረማት መሰለኝ፣ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

ዓርብ ሞተች። ቅዳሜ ቀበርናት። ጎረቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

እሁድ አፈሯ ሳይደርቅ የት ትሄዳለህ ያለኝ አለ። ከራስጌዋ የነበረውን ነጠላ አንሥቼ ሄድኩ። የእሷን አብረን ቀብረነዋል። ሕፃናት ቀደሙ፣ ከዚያ ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ጋር እኔ። ጉልበቴ ከቁፋሮው ገና አልዳነም፤ አንድ ሰው ደገፈኝ፣ እምቢ አላልኩም። ተቀበልኩ።

ደስ አለኝ አልልም። ሚስቴን ቀብሬ ምን ደስታ አለ። ግን ያን ሁሉ ዓመት አባታችን ሆይ ስል፣ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ ስደርስ ኩይሳው ይመጣብኝና ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፈው ነበር። ያን ቀን ሳልቸኩል፣ ቃል በቃል አልኩት። ክርስቶስ እንዲህ ያለውንም ሰው ይቀበላል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ወዲህም አልተጠራጠርኩም። እሷ ሳታይ መሆኑ ግን እስክሞት አይለቀኝም።

የቆረበ ሰው አፉን ሸፍኖ፣ ሳያወራ ነው የሚሄደው። በነጠላዬ አፌን ይዤ ስመለስ ጎረቤቴ የቆፈርኩትን ጉድጓድ በአካፋ እየደፈነ ነበር። ቀና አለ።

"አኹይ" አለኝ። "ሚስትህ ጥሩ ሰው ነበር። አላህ ይማረው።"

አፌን መክፈት አልችልም። ጎንበስ አልኩለት፣ እስኪበቃኝ ጎንበስ አልኩለት። እሱም ወደ አካፋው ተመለሰ። ስለ ወንድሙ ምንም አላለኝም። እስከ ዛሬም አላለኝም።