የቀረች ጉርሻ

ሚንሂሉ ሊጥ ስትዳምጥ ያየ ሰው ከሊጡ ጋር ቂም ያላት ይመስለዋል። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ክንዷ ግን አሁንም አልዛለም። የዳመጠችው ሊጥ ከሥሩ ጋዜጣ ቢዘረጋ ርእሱ ይነበባል። ይህን ሙያ ያስተማራት እናቷ አይደለችም፣ እልህ ነው።

ኢንዘር ወንዝ ዳር ካለው ከኢሽሙርዛ ቤት በምራትነት የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ቢሽባርማቅ የሚባለውን፣ የፈረስ ሥጋና ስስ ሊጥ በመረቅ የሚቀቀልበትን የአገሩን ምግብ ሠርታ እንድታቀርብ ታዘዘች። የፈረሱ ሥጋ እንኳ ጥሩ በስሎላት ነበር። የቆራረጠችውን ሊጥ ግን፣ ከድንጋጤዋ የተነሣ፣ ጠፈፍ ሳታደርገው መረቁ ውስጥ ጨመረችው። ቁራጮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ጓል ሆኑ።

እንግዳ ምን ያደርጋል? በላ። በመጨረሻ አማቷ፣ ሽማግሌው ኢሽሙርዛ፣ እንደ ወጉ ጮማና ሊጥ በእጃቸው እየጠቀለሉ ምራቶቻቸውን ማጉረስ ጀመሩ። ትልቋን ሻምሲያን አጎረሱ። ሁለተኛዋንም አጎረሱ። ሚንሂሉ አፏን ልትከፍት ስትል እጃቸውን በፎጣ ጠርገው ምስጋና ወደ ማድረሱ ገቡ።

«አይዞሽ፣ የሠራሽው በከንቱ አይቀርም» አለቻት ሻምሲያ ማድ ቤት ገብተው፣ ሳቋን እየዋጠች። «ምድጃው ተሰንጥቋል፤ በሱ እንመርገዋለን።»

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ሰው ፊት የቀረች ጉርሻ ግን አንጀት ታሳርራለች።

ከዚያ ወዲያ ሚንሂሉ ሊጧን እያሳሳች፣ ቁራጮቹን ንጹሕ ጨርቅ ላይ እያሰጣች፣ መረቁ ላይ ደረቅ አይብ እየበጠበጠች መንደሩን ምራቁን አስዋጠችው። አማቷም ሁለተኛ ሳህን ይጠይቁ ጀመር። የሚጠይቁት ታዲያ ግድግዳውን እያዩ ነው፤ በዚያ ዘመን ምራትና አማት ፊት ለፊት አይነጋገሩም። በየድግሱ እንግዳ ያጎርሳሉ፣ ሕፃን ያጎርሳሉ። እሷ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ይታጠፋል። አንዴ የዘጉትን በር መልሶ መክፈት ሞታቸው ነበር።

ባሏ ጋይሳ «ጉርሻ ከሆነ እኔ ላጉርስሽ!» ብሎ ይቀልዳል።

«ሆዴ መች ራበው አንተ?» ትለዋለች።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት ሽማግሌው ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ሌሎቹ ምራቶች ከተማ ገብተዋል። ማጉረሱ ለሚንሂሉ ቀረ። ጉሮሯቸው እንዲያወርደው ሊጡን ከበፊቱም አሳሳችው። እሳቸው ዝም ካሉ ወዲህ ደግሞ የሷ አፍ ተፈታ። የላሟን፣ የጎረቤቱን፣ የዝይዎቹን ወሬ እያወራች ነው የምታበላቸው።

አንድ ቀን፣ በመከር፣ የመጨረሻዋ ጉርሻ ላይ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ይጨርሱት እንጂ አባባ፣ አንዲት እኮ ናት የቀረችው።»

በግራ እጃቸው አንጓዋን ያዙ። አሟቸው መስሏት ክው አለች። እጇን በዝግታ አዙረው ጉርሻዋን ወደ ገዛ አፏ አስጠጉት። አንጓዋንም አልለቀቁም። ግድግዳውን አይደለም የሚያዩት፣ እሷን ነው። ጎረሰች። ለማኘክ እንኳ እንባዋ አላስቻላትም። ተከትሎ የመጣውን የበረዶ ክረምት ሳያገባድዱ ሞቱ። የዚያች ጉርሻ ጣዕም ግን ዛሬም ድረስ ከአፏ አልጠፋም።

ባለፈው ዓርብ የልጇ ሚስት ጉልሲራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሽባርማቅ ሠርታ አቀረበች። ከተሜ ናት፤ ሊጡ ተጣብቋል። ማዕዱን የከበበው ሰው ሁሉ ሚንሂሉን ያያል። እሷም ማንም ሳይቀምስ ከጓሉ ዘግና ከጮማ ጋር ጠቀለለችው።

«ነይ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

«ኧረ እማማ፣ ተጣብቋል እኮ!» አለች ጉልሲራ ፊቷ ቀልቶ።

«አይቻለሁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ አንቺ አንዲት ቀንም አትጠብቂ።»