ቆጥ ላይ የሰቀልኩት ፕሮባዮቲክ

መጀመሪያ የጀመረኝ ጉሮሮዬን ነው። ከአዘና ገበያ ስመለስ፣ አይሱዙ ላይ ከድንች ጆንያ በላይ ተቀምጬ፣ ምራቄን ስውጥ የገብስ ገለባ የተሰካብኝ ያህል ወጋኝ። ቆሰበር ከተማ ስደርስ አፍንጫዬ ተደፍኗል። ሲመሽ ጀርባዬን ቆረጣጠመኝ። ጉንፋን ነው፤ ሌላ አይደለም። እዚህ ጉሙም ብርዱም አይጠፋም፤ ጉንፋን ይዞት የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንግዳ ነው።

እኔን ጉንፋን ይጥለኛል እንጂ አይገድለኝም። የምፈራው ለእናትነሽ ነው። እናትነሽ ባለቤቴ ናት፤ አስም አለባት። ከገበያ ይዤው የገባሁት ጉንፋን እኔን ሲለቅ እሷን ይይዛል፤ እሷን ከያዘ ደግሞ ደረቷ ላይ ይወርዳል።

ያኔም ወረደ። ሳለች። ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ከንፈሯ ጠቆረ። ባጃጅ ጠራሁ። ሆስፒታል ገባን። ኦክስጅን አደረጉላት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ቁጭ በል ያለኝ የለም፤ ብባልም አልችልም ነበር።

«ኒሞኒያ ነው፤ የሳንባ ምች» አለኝ ሐኪሙ። «ጉንፋን አስሟን ይቀሰቅሰዋል። እንዳይዛት ተጠንቀቁ።»

እንዴት ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሌላ በሽተኛ ጋ ሄዷል። ተጠንቀቁ! ከብርዱ ነው፣ ከሰው ነው፣ ከምኑ ነው የምንጠነቀቀው? ስንወጣ የሚዋጥ መድኃኒትና በአፍ የሚሳብ ኢንሄለር ሰጡን። እንዴት እንደሚሳብ አሳዩአት። እስከ መቼ እንደሚሳብ ግን የነገረን የለም፤ ተናግረው ከሆነም ለእኛ በሚገባ መንገድ አልተናገሩም።

ከዚያ ጉንፋን የሚከላከል ነገር ፍለጋ ገባሁ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ አንዱ ማር፣ አንዱ አረቄ። ዳንግላ ድንች ላስረክብ ሄጄ ነው ፕሮባዮቲክ የሚባለውን የሰማሁት። ባለ ፋርማሲው ሦስት ብልቃጥ ደረደረልኝ።

«ይሄ ለአንጀት የሚሆን ጥሩ ባክቴሪያ ነው ጋሼ። አንጀት ሲጠነክር ጉንፋንም ኢንፍሉዌንዛም አይደፍረውም።»

«ባክቴሪያ አይደል እንዴ ሚስቴን የጣለብኝ?»

«ያ መጥፎው ነው። ይሄ ጥሩው።»

«ከሦስቱ የቱ ይሻላል?»

«ሁሉም ያው ነው። ይሄኛው ግን ብዙ ቢሊዮን አለው።»

ቢሊዮን ሲባል የምሰማው በራዲዮ የመንግሥት በጀት ሲነገር ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። አማርኛ ከሆነ የብልቃጥ ጽሑፍ እስከ ጥጉ አነባለሁ። እነዚህ ላይ ግን አንዲት የአማርኛ ፊደል የለችም። የሚሸጡት ለእኛ ነው፤ የጻፉት ለሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ድንች እንደምመርጥ መረጥኩ፤ ትልቁን አነሣሁ።

ቤት ስገባ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። እኛ ቤት የከበረ ነገር ቦታው እዚያ ነው። የገብስ ዘር፣ የጎመን ዘር፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሁሉ ከምድጃው በላይ ሙቀትና ጭስ እየጠገበ ይከርማል፤ እርጥበት አይደርስበት፣ ነቀዝ አይነካው። ሌላ ቦታ ያኖሩት ነገር ይሻግታል። እንክብሉ አልዋጥ ሲላት ደግሞ እየከፈትኩ ዱቄቱን የፈላ ዝንጅብል ውስጥ ጨመርኩላት። ጉንፋን ለሚፈራ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ የሚሰጥ ማን አለ? የጉንፋን ነገር ሁሉ በትኩሱ ነው።

«ይሄ ነገር ጣዕም የለውም፤ አታለውህ እንዳይሆን» ትለኛለች።

«ዝም ብለሽ ጠጪ። ቢሊዮን ነው።»

ጠጣች። መጠጣቷ አይደለም የጎዳን፤ መተማመናችን ነው። ሳል ይዞኝ እንደ ድሮው አጠገቧ ተኛሁ። ጠላውን በአንድ ጣሳ ተቀባበልን። ኢንሄለሩንም «ደህና ነኝ» ብላ ተወችው፤ እኔም ተይው አልኩ። መከላከያ አለን ብለን።

አልነበረንም። ጉንፋኔ ተጋባባት። ድንች እየለቀመች ሳለ አየር አጣች። ማሳው መሀል ተንበረከከች። ስሟን ጠራሁ። አየችኝ። አልመለሰችም። ተሸክሜ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። የማላውቀውን መኪና አስቆምኩ።

«ኦክስጅኗ በጣም ዝቅ ብሏል» አለችኝ የተቀበለችን ዶክተር። «እንሞክራለን።»

እንሞክራለን የሚለውን ቃል ዛሬም አልወደውም።

አለፈ። ጥቂት ሻል ሲላት ዶክተሯ ምን ምን እንደምትወስድ ጠየቀችኝ። ከቤት ያስመጣሁትን ብልቃጥ አወጣሁላት፤ ኮርቼ ነው ያወጣሁት።

«የት ነው የሚያስቀምጡት አባባ?»

«ቆጥ ላይ። ከምድጃው በላይ።»

«በምን ትወስደዋለች?»

«በፈላ ዝንጅብል።»

ብልቃጡን አገላብጣ አነበበችው። «አባባ፣ ይሄ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ይላል። ሙቀት ይገድለዋል።»

እናትነሽ የኦክስጅኑን ጭንብል ገለጥ አድርጋ፣ «የሬሳ ሻይ ነዋ ስታጠጣኝ የከረምከው!» አለች። ሳቋ ሳል ሆነ። ዶክተሯ ጭንብሉን እየመለሰችላት እሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያ የዳንግላው ሰውዬ ቢሊዮኑን ሲቆጥርልኝ ይህችን አንዲት ቃል መጨመር ምን ከበደው?

«በደንብ ብናስቀምጠውስ ኖሮ ያድናት ነበር?» አልኩ።

«እሱን አልልዎትም። አንዳንዱ ዓይነት ጉንፋን መያዝን ትንሽ ሊቀንስ ይችል ይሆናል፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ አይደለም። አንዱ ዓይነት ቢሠራ ሌላውም ይሠራል ማለትም አይደለም። የቁጥሩ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ኢንሄለሯን በየቀኑ ትስባለች?»

«ደህና ስትሆን ትታዋለች» አልኩ።

«ይሄ ሲያማት ብቻ የሚወሰድ አይደለም። ደህና ስትሆንም ትስበዋለች። ደህና የሚያደርጋት እሱ ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኛ ነን። ግን ይህን መጀመሪያ ከሆስፒታል ስንወጣ ቢነግሩን ምናለበት? ይህንን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማገገሟ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ እስከ ደጅ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ በኋላም ድንቹ ለሽያጭ ሲለይ አጠገቤ ተቀምጣ ይሄ ደህና ነው ይሄ በስብሷል እያለች እስክትቆጣኝ ድረስ፣ ኢንሄለሯን ጠዋትና ማታ እየሳበች፣ ምድጃውንም ጭሱ እንዳያፍናት ከምንተኛበት ቤት አውጥተን ለብቻው ጎጆ ሠርተንለት፣ ከገበያ ስመለስ ምንም ነገር ሳልነካ እጄን በሳሙና እየታጠብኩ፣ ጣሳችንንም እየለየን ከረምን። አሁንም ጉንፋን ይይዛታል፤ ሆስፒታል ግን አልተመለስንም።

ለአንተም፣ ፋርማሲ መስኮት ላይ ለቆምከው፣ የምለው አለኝ። ፕሮባዮቲክ አትግዛ አልልህም። ከመግዛትህ በፊት ግን በሽተኛህን የሚያውቅ ሐኪም ጠይቅ፤ በተለይ ሰውነቱ በጣም የደከመ ሰው ከሆነ፣ ሊጎዳው ይችላል ብላኛለች ዶክተሯ። ሻጩን የባክቴሪያውን ሙሉ ስም ጠይቀው፤ ለጉንፋን የተሞከረው የትኛው እንደሆነ ይንገርህ፤ ካላወቀ ቢሊዮኑን ለራሱ ይቁጠር። ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን እይ። የት እንደሚቀመጥ ሳይነግርህ አትሂድ። ፍሪጅ የሚፈልግ ከሆነና ፍሪጅ ከሌለህ ተወው። በፈላ ነገር አትስጥ። ከሁሉም በላይ የታዘዘውን መድኃኒት በእሱ አትተካ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይገኝ እንደሆነም ጠይቅ፤ እኔ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ምስጋናዬ ስሙን ሳልጠይቀው ለሄደው ሾፌር፣ ሳይሰለቹ ላገላበጧት ነርሶች፣ ማሳ ላይ የቀረውን ድንቻችንን ለለቀሙልን ጎረቤቶች ይድረስ። ዶክተሯንም እግዜር ይስጣት። ብትስቅብኝም ነገረችኝ።

አሁን ሳል ሲጀምረኝ የምተኛው ለብቻዬ፣ ድንች የምናኖርበት ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ከገበያ እያስነጠስኩ መጥቼ ደጅ ላይ ቆምኩ። «እዚያው!» አለችኝ ከውስጥ። ጋቢዬን በመስኮት ወረወረችልኝ። ከዚያ ገበያ መሀል አፌን ሳልሸፍን መዋሌን፣ ግትርነቴን፣ ዘመዶቼን ሳይቀር እያነሣች በአዊኛ ታወርድብኝ ጀመር፤ አንዴም ሳትቆም፣ አንዴም ሳትስል። ብርድ ነበር። ጋቢዬን ተከናንቤ ድንቹ አጠገብ ቁጭ አልኩና እስክትጨርስ ሰማኋት።