የቀኝ እግሯ ሥራ

ሰኔ አሥራ ሁለት ነበር። ነበር ወይ? እሷ አሥራ ሁለት ለመሆኑ ትምላለች፤ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «ምን አሥራ ሁለት! ሐምሌ ገብቶ ነበር እንጂ» ባይ ነው። ዝናብ እንዳልነበረ ግን ሁለቱም ይስማማሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ተሳስተው ግንቦት ሊሆንም ይችላል። የማያጠራጥረው ማክሰኞ መሆኑ ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሥራ ፈላጊ የሚያነጋግረው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነበርና።

ቤተሰቡ «ፍሬን» ይላታል። በትክክለኛ ስሟ ቢጠሯት ቶሎ አትዞርም። ያን ዕለት አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ እናቷ ቀሚሷን እየተኮሱ ያስጠነቅቋታል።

«ዛሬ እንኳ አፍሽንም እግርሽንም ሰብሰብ አድርጊ፣ በሞቴ!»

«እማዬ፣ ሥራው ግን ምንድን ነው?» አለች።

መልሱን የሰጠው በር ላይ ቆሞ ቁልፍ የሚያቅጨለጭለው ወንድሟ ነው። «መቀመጥ።»

«ከዚያስ?»

«ከምሳ በኋላም መቀመጥ። እንግዲህ ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ ያልለመንኩልሽ አለቃ እዚህ ከተማ ውስጥ የቀረ የለም።»

እውነቱን ነው። የሠራችባቸውን ቦታዎች ሁሉ ያገኘላት እሱ፣ ከተባረረች በኋላ ሄዶ ይቅርታ የሚጠይቀውም እሱ ነበር። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ በቀላሉ ይለምዷት ነበር። ችግሯ፣ አንድ ነገር ሊበላሽ ሲል ከሰው ሁሉ ቀድማ ማየቷ ነው፤ ካየች ደግሞ ዝም ማለት አይሆንላትም። ፎቶ ቤት ተቀጥራ ሳለ፣ ደንበኛው ዓይኑን ሊጨፍን መሆኑን ከፊቱ ታነብና «ቆይ!» ብላ እግሯን ወለሉ ላይ ታሳርፈዋለች። ደንበኛው ክው ይላል፤ ካሜራው ያን ጊዜ ብልጭ ይላል። በዚያ ወራት እዚያ ቤት ፎቶ የተነሱት በሙሉ፣ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ፣ ሌባ የገባባቸው ነው የሚመስሉት። ልብስ ሰፊው ዘንድ ደግሞ መቀስ ጨርቅ ላይ ባረፈ ቁጥር ስለምትደነግጥና ስለምታስደነግጥ፣ ሰውየው አንድ ቀን የደንበኛውን ትቶ የገዛ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ቀደደው። ፀጉር ቤት ከአንድ ሳምንት አላለፈችም፤ የጆሮ ነገር ነውና እሱን ባናነሳው ይሻላል።

ይህ እግር የመጣው ከአባቷ መኪና ነው። ልጅ ሳለች ከአባቷ አጠገብ ትቀመጥና፣ ከፊት ሰው ወይም ብስክሌት ብቅ ሲል በቀኝ እግሯ ወለሉን ትረግጣለች። ስትረግጥ መኪናዋ ቀጥ ትላለች። ሁልጊዜ! አባቷ «ይህች ልጅ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ይላል፤ እሷም መኪና የምታቆም ልጅ ሆና ሰፈሩን ትዞራለች። ሰባት ዓመት ሲሆናት ግን በአንድ ብይ የተጣላት ወንድሟ «ሞኝ! አንቺ አይደለሽም የምታቆሚው፤ አባባ ነው በስውር የሚረግጥልሽ» አላት። ከሰዓቱን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። ጭንቅላቷ የዚያኑ ቀን አመነ። እግሯ ግን አላመነም። አባቷ ካረፈ በኋላም፣ መኪናዋ ለወንድሟ ከተላለፈች በኋላም፣ ያ እግር ምንም የሌለበትን ወለል ሲረግጥ ኖረ። ምንጣፉ አለቀ፤ አዲስ ተነጠፈ፤ እሱም አለቀ።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ፣ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባለ ተረከዙን ጫማ ተጫምታ፣ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። ለዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ስምንት ላይ ወጡ።

«እግርሽን!» አለ ወንድሟ ገና ከግቢ ሳይወጡ።

«ምን አደረግሁ?»

«አሰብሽ። አይቼሻለሁ፤ ልታደርጊ አሰብሽ።»

መጀመሪያ ብስክሌት መጣ፤ ረገጠች። ቀጥሎ ጃንጥላዋን ከልጇ ጋር የምትጓተት ሴት መጣች፤ ረገጠች። «እኔ ራሴ የምነዳ አልመስልሽም?» ይላል ወንድሟ። መልስ ሳትሰጠው አንድ አውቶቡስ አፍንጫውን ከጎን ብቅ አደረገ፤ ፍሬን ያለ የሌለ ኃይሏን ሰብስባ ረገጠች።

ቅጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። እግሯ ወረደ።

«ወንድም ጋሼ! አስፋልቱ!»

«ምን ሆነ አስፋልቱ?»

«ረገጥኩት!»

ዝቅ ብሎ ሲያይ የእህቱ እግር ከቁርጭምጭሚት በታች የለም። ዝገት የበላው ወለል ተከፍቶ፣ እግሯ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ከመንገዱ ጋር እየሮጠ ነው። እንዴት እንዳቆመ እሱም አያውቅ። እግሯ ሲወጣ ደህና ነው፤ የጫማው ተረከዝ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ መሃል መንገድ ላይ ቆሟል፤ መኪናዎች እንደ ትልቅ ሰው ዞር እያሉ ያልፉታል።

«የአባባን መኪና በሳሻት!» አለ ወንድሟ። ሊቆጣ ነበር አፉን የከፈተው፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። እሷ አልሳቀችም። የተበሳውን ወለል አይታ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የሚጠብቃትን ወንበር አሰበች። እስከ ጡረታ ድረስ እዚያ ላይ ቁጭ ስትል፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ይሄን ሥራ እኔ ነኝ ያገኘሁት» ሳትል ልትቀር ነው።

አጠገባቸው በሩ የተከፈተ ሰፊ ግቢ ነበር፤ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ። ወንድሟ መኪናዋን ወደ ውስጥ አስገባና ሽቦና የቆርቆሮ ቁራጭ ለምኖ ከሥሯ ገባ። ከውጭ የሚታዩት ሁለት እግሮቹ ብቻ ናቸው።

የግቢውን ባለቤት ሁሉም «አለቃ» ነው የሚላቸው። አንድ ተለማማጅ የመኪና በር እግራቸው ላይ ዘግቶባቸው ጉልበታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የነበራቸው አሰልጣኝ ደግሞ «ልቤ አልቻለም» ብሎ በዚያው ሳምንት ለቋል። ፊታቸው ቆሞ አንድ ባለ ሥጋ ቤት ተማሪያቸው፣ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ይጨቀጭቃቸዋል።

«ነገ ፈተና አለብኝ፣ አለቃ! አንዲት ዙር! አንዲት!»

«ማን አጠገብህ ይቀመጥልሃል? አሰልጣኙ ለቆብኝ፣ እኔ ይሄን እግር ይዤ?» ካሉ በኋላ፣ በአንድ ተረከዝ ብቻ ከፍና ዝቅ እያለች የምትንጎራደደውን ሴት አዩ። «እህቴ፣ መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«አለኝ። አባቴ በራሱ መኪና አስተምሮኝ ነው ያወጣሁት። ካወጣሁ ወዲህ ግን መሪ የሰጠኝ ሰው የለም።»

«መንዳቱንስ እሱ ይነዳል። ፊት ቁጭ በይልኝ፤ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። አደራ፣ እግርሽ ሥር…»

ባለ ሥጋ ቤቱ ሞተሩን አስነሳ፤ የአለቃ ንግግር በሞተሩ ጩኸት ተዋጠ። ሊሉ የነበረው፣ አሰልጣኝ ሁሉ የሚያውቀውን ነው፤ የማሰልጠኛ መኪና በተሳፋሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለው።

ግማሹ ዙር በሰላም አለቀ። ባለ ሥጋ ቤቱ ኮራ፤ «ነገ እንዲህ ነው የማደርጋቸው!» እያለ መሪውን አዞረ። ሲያዞር፣ ከፊቱ አሮጌዋ መኪናና ሁለት እግሮች መጡ። ደነገጠና ፍሬን የመሰለውን በሙሉ ኃይሉ ረገጠ። ነዳጁ ነበር። ሞተሩ አጓራ፤ እግሮቹ እየቀረቡ ሄዱ።

ፍሬን ረገጠች።

መኪናው ቀጥ አለ። ሞተሩ አንዴ ተንተባትቦ ጠፋ። አቧራው ቀድሟቸው ሄዶ የወንድሟ ካልሲ ላይ ዐረፈ።

ፍሬን ወደ ኋላ ዞረች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ጥርጣሬ የሰባት ዓመት ልጅ ጥርጣሬ ነው።

«ማነው የረገጠልኝ?»

«እኔማ በየትኛው እግሬ?» አሉ አለቃ፣ ፋሻቸውን እያሳዩ።

ወንድሟ ከመኪናዋ ሥር ግራሶ ተቀብቶ ወጣ። «ማነው ሊገድለኝ የነበረው?»

«እኔ!» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ ቶሎ ብሎ። «ማለቴ… ያቆምኩት እኔ ነኝ። እግርህን ሳይ ወዲያው ፍሬን ያዝኩ።»

«አንተ የያዝከው ነዳጅ ነው!» አሉ አለቃ። «እንደ በሬ ሲያገሳ እኮ ሰምተነዋል!»

«ስለ በሬ ለእኔ ይነገራል? በሬንማ እኔ አውቃለሁ!»

ለሌላ ሰው ቢሆን ጉዳዩ እዚያ ያልቅ ነበር። ፍሬን ግን ጣቶቿን ዳሽቦርዱ ላይ ተክላ «መለየት አለበት» አለች። «ማን እንዳቆመው መለየት አለበት።» ወንድሟ አያት፤ የዚያ የብይ ቀን ትዝ ይበለው አይበለው አይታወቅም፤ ብቻ ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ለመግፋት ትከሻውን ደገነ።

አለቃ ለባለ ሥጋ ቤቱ ትእዛዝ ሰጡ፦ «እግርህን ወደ ላይ!»

«የት ወደ ላይ?»

«ወንበሩ ላይ! እጠፈው! ሁለቱንም! መሪውን ብቻ ያዝ!»

ያ ግዙፍ ሰውዬ ጉልበቶቹን ደረቱ ላይ ሰብስቦ፣ በነጭ ጋዋኑ ተጠቅልሎ፣ እንደ ታጠበ ሕፃን ወንበሩ ላይ ተኮፈሰ። ወንድሟ ገፋ፤ መኪናው ተንከባለለ፤ ቁልቁለቱን ሲያገኝ ፈጠነ፤ አጥሩ መጣ።

ረገጠች። ቆመ! ከኋላ ሲሮጥ የነበረው ወንድሟ የኋላ ኮፈኑን በግንባሩ መታው።

«ቆመ!» አለች። «ቆመ እኮ!»

«አንዴ በአጋጣሚ ነው» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ጉልበቱን እንዳቀፈ።

ደገሙት። ደጋገሙት። ሲቆም ትስቃለች፤ ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል፤ ወንድሟ ግንባሩን እያሻሸ «አሁንስ? አሁንስ አመንሽ?» ይላል፤ እሷም «አንድ ጊዜ ብቻ፣ በናትህ ወንድም ጋሼ፣ አንድ ጊዜ!» ትለዋለች። አለቃ ከኋላ ወንበር ሆዳቸውን ይዘው «ኧረ በቃ ፈረስኩ!» ይላሉ። ባለ ሥጋ ቤቱም በመጨረሻ ተሸነፈና፣ እግሩን ከወንበር ሳያወርድ፣ ሳቁን ለቀቀው።

ሰዓት ሲታይ ዘጠኝ ተኩል አልፏል።

«መዝገብ ቤቱስ?» አለ ወንድሟ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀርቷል። «ሰውዬውን እኮ ደጅ ጠንቼ ነው።»

«ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የዚህኛውን እኔ ራሴ ሄጄ ነው የምጠይቀው፤ አንተ አትሄድም።» ከዚያ ወደ አለቃ ዞረች። «አሰልጣኝ ለቆብኛል ብለዋል አይደል? እኔ እፈልገዋለሁ። መማር ካለብኝ እማራለሁ።»

«መማርማ አለ፤ ፈተናም አለው» አሉ አለቃ። «ድንጋጤም አለው። ሌሎቹ የሚለቁት በእሱ ነው።»

«እኔ ቀድሜ ነው የምደነግጠው። ጨርሼ እጠብቃቸዋለሁ።»

ወንድሟ መሬት ላይ ቁጭ አለና እግሮቹን ተራ በተራ አያቸው። «እንግዲህ ሁለቱንም አትርፈሽልኛል» አለ። «ምን አፍ አለኝ?»

ማታ እናቷ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ አዘኑ፤ የተኮሱት ቀሚስ አቧራ በአቧራ ነው። ከዚያ ጎረቤት ጠርተው «ልጄ እኮ፣ እግሯ ሥራ አገኘ!» አሉ።

ለማሰልጠን የሚያበቃውን ትምህርት ተምራ፣ ፈተናውን ተፈትና፣ ይኸው እዚያ ግቢ ስንት ዓመቷ። ነርሱ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ የባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት (እሱም በሦስተኛው ፈተና አልፏል) በእሷ እጅ፣ በእሷ እግር ማለት ይሻላል፣ ወጥተዋል። አትጮህም። «ቆይ!» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፍቷል፤ የሚሠራ ነገር እግሯ ሥር ስላለ አፏ ዐረፈ። በጣም የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ ዛሬ በወንድሟ መኪና ስትሳፈር፣ ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይወስዳታል። እሱ ነው አሁን የሚጨነቀው። «ኧረ ንቂ፣ መስቀለኛ መንገድ ነው!» ይላታል።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ግቢው በር ላይ፣ ተማሪዋን ስትጠብቅ ነው። ተማሪዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ መጡ፣ ገቡ፣ መሪውን እንደ ድስት በሁለት እጅ ያዙ። መኪናው እየዘለለ ተነሳና ከነጩ መስመር አንድ ጣት ሲቀረው፣ ልስልስ ብሎ ቆመ። የኋላ መብራቱ ቀላ።

«ቆመችልኝ!» አሉ መምህርቷ። አጨበጨቡ። «አየሽ? ቆመችልኝ እኮ!»

«እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች ፍሬን፤ ይህን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው።

ወደ መስታወቱ ጠጋ አልኩ። የረገጠው ማን እንደሆነ ልጠይቃት ነበር። እሷ ግን እጇን ከፍ አድርጋ ተሰናበተችኝና «በሉ እንሂድ» አለቻቸው፤ መኪናው አንዴ ዘለለ፣ ሁለቴ ዘለለ፣ በሩን አልፎ ሄደ።