በጤቤ መሐላ የተገኘ ቤት

በ1967 ዓ.ም.፣ በሰኔ ወር፣ አንድ ሐሙስ ቀን ሮቤ ላይ በረዶ ወረደ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከምሳ በኋላ በጎባ በኩል ያለው ተራራ በአንዴ ጠቆረና ባቄላ የሚያህል በረዶ ቆርቆሮውን ይወግረው ጀመር። ቤት ውስጥ የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች መደማመጥ ስላቃታቸው እስኪያባራ ጠበቁ። ሰንበቴ ከባሏ ከጉተማ ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። በረዶው ባያባራ ደስታዋ ነበር። ሲያባራ ልትዋሽ ነውና።

ነገሩ የጀመረው በወሬ ነው። በዚያው ዓመት የገጠሩ መሬት ከታወጀ ወዲህ፣ ቀጥሎ የከተማ ቤት ይወረሳል፣ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ ቤት በላይ አይፈቀድም ይባል ነበር። ጉተማና ሰንበቴ ደግሞ ሁለት ቤት ነበራቸው፤ የሚኖሩበት ሮቤ፣ ሌላው ጎባ። ጉተማ ከሲናና ገብስና ስንዴ እየገዛ ጎባ ይሸጣል። ሰንበቴ ጠላ ትጠምቃለች። የጎባው ቤት የቆመው በእሷ ጠላ ነው፤ ጭቃውንም የረገጠችው በገዛ እግሯ ነው። አንድያ ልጃቸው ጤቤ በአምስት ዓመቷ በኩፍኝ ስትሞት የተኛችው እዚያው ቤት፣ ገና ግድግዳው ሳይደርቅ ነበር።

«በወረቀት እንፋታ» አላት ጉተማ አንድ ቀን። «አንቺ የጎባውን ትወስጃለሽ፣ እኔ የሮቤውን። ለሁለት ሰው ሁለት ቤት ነው፤ ማን ምን ይላል? ነገሩ ሲበርድ ሽማግሌ ልኬ እንታረቃለን።»

ሰንበቴ ብዙ አላሰበችበትም። እሺ አለች።

ያን ጊዜ ባልና ሚስት የሚፋቱት በቤተ ዘመድ ዳኞች ፊት ነው። ዳኞቹ መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራሉ። አልሆን ሲል ንብረት ያካፍሉና ፍቺውን ይጽፋሉ፤ ወረቀቱም ፍርድ ቤት ይገባል። ከሦስቱ ታላቅየው አቶ ባዳሳ ነበሩ፤ ሲጋቡ የዳሯቸው፣ ጤቤ ስትሞትም ሬሳዋን ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን ያደረሱ ሰው። በረዶው እንዳባራ ባልና ሚስቱ በተመካከሩት መሠረት መስማማት እንዳልቻሉ፣ አልጋ ከለዩም ስምንት ወር እንደሞላቸው ተናገሩ። አቶ ባዳሳ አላመኑም። ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አብረው ሲስቁ አይተዋቸዋል።

«ሰንበቴ፣ ጤቤን አብረን ነው የቀበርናት» አሏት። «በእሷ ማይልኝና ልመን።»

ሰንበቴ ጉተማን አየችው። እሱ የሚያየው ወለሉን ነው። አንድ ቃል ቢናገር፣ ተዉ ቢል፣ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

«ከዚህ ሰው ጋር ትዳር የለኝም። ብዋሽ የጤቤ አፅም ይፋረደኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ክፍፍሉ ተጻፈ። የጎባው ቤትና ላሟ ለሰንበቴ፤ የሮቤው ቤት፣ በቅሎው፣ «በሮቤው ቤት የሚገኘውም የቤት ዕቃ በሙሉ» ለጉተማ። ሲነበብላት ጆሮ አልሰጠችውም፤ ያው ተመልሳ የምትገባበት ቤት ነው ብላ። አልጋው ሥር ያለችው የጤቤ የልብስ ሳጥን ትዝም አላለቻት። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

ሐምሌ ላይ አዋጁ ወጣ። ሰንበቴ ያው እመለሳለሁ ብላ ሳጥኗን ሳታነሳ ጎባ ገባች። ቀበሌ ሲመዘግብ ሁለቱም ቤቶች ተረፉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉተማ በገበያ ቀን እህሉን ሽጦ ጎባ ቤት ብቅ ይል ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «የፈታሁሽ ባልሽ ነኝ፤ ለመንገደኛ የሚሆን ምሳ አይጠፋም?» ይላታል። እሷም «ለወንደላጤ የለንም» ብላ ታስገባዋለች፤ ይስቃሉ። ነገር ግን ሰው ያያል። የቀበሌው ጥበቃ ከፈታት ሴት ቤት ምን እንደሚያመላልሰው አንድ ሁለቴ ጠየቀው። ጉተማ ፈራ። በየሳምንቱ ይመጣ የነበረው በየወሩ ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ሽማግሌውን መቼ ነው የምትልከው ብላ ስታስጠይቀው፣ ትንሽ ይብረድ እያለ ይመልሳል። በ1970 እታፈራሁ የምትባል የአጋርፋ ሴት አገባ። የከለከለው የለም፤ ወረቀት ነበረው።

ሰንበቴ ስትሰማ አላለቀሰችም። የፈለገችው ሳጥኗን ነው። ሮቤ ሄዳ በሩን ስታንኳኳ የከፈተችላት እታፈራሁ ከቀድሞ ባሏ የወለደቻት ትንሽ ልጅ ናት። ልጅቷ ቀይ ሹራብ ለብሳለች። ክርኑ በአረንጓዴ ክር ተጠግኗል፤ የጠገነችው ሰንበቴ ናት። እታፈራሁ ክፉ ሴት አልነበረችም። ሳጥኑ የቤቱ ዕቃ መስሏት እንደከፈተችው በሐፍረት ነገረቻት። በወረቀቱም ቢሆን እውነቷን ነው። ሰንበቴ ሹራቡን አውልቂ ማለት አቃታት። ክርኑን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ወጣች።

በቀጥታ አቶ ባዳሳ ዘንድ ሄደች። ፍቺው የውሸት እንደነበረ፣ ቤቱን ለማትረፍ ብለው እንዳደረጉት ሳትደብቅ ነገረቻቸውና ይፍረስልኝ አለች።

«ኢንታላ ኮ» አሏት ሽማግሌው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ውሸት ነበር ብዬ ብመሰክር ባልና ሚስት ነበራችሁ ማለት ነው። ባልና ሚስት ከነበራችሁ የጎባው ቤት ትርፍ ነው፤ ይወሰዳል። ደብቃችኋል ብለው ያስሯችኋል። እሱ እንደሆነ አግብቷል፣ አይመለስልሽም። ምን ላድርግልሽ?»

«መሐላውስ፣ አባባ?»

«እሱን እኔም ተሸክሜዋለሁ። ያስማልኩሽ እኔ ነኝ።»

ሰንበቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ፈታች፣ እንደገና አጣጠፈች። ከጎባው ቤት ብትወጣ መግቢያ የላትም። ጤቤም የመጨረሻ ትንፋሿን የተነፈሰችው እዚያ ነው።

«እንግዲያው ይቅር» አለች።

ከዚያ ወዲህ በረዶ በወረደ ቁጥር፣ በቆርቆሮው ጩኸት መሀል በትንሽ እጅ በር ሲንኳኳ ይሰማታል። ተነስታ ትከፍታለች። ደጃፉ ላይ ነጭ በረዶ ተከምሯል እንጂ ሰው የለም። ቢሆንም በሩን ቶሎ አትዘጋውም። ልጇ ልትፋረዳት መጥታ ከሆነ ውጭ እንዲበርዳት አትፈልግም።

ዛሬ፣ በ1979፣ ሰንበቴ ጎባ በስሟ በተመዘገበው ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ጠላ ትሸጣለች።